የጎማ ማብሰያ ፕሬስ ኦፕሬተርን እንዴት እናሠልጥን? እንዴትስ እንመዝን?

ጎማ የሚያበስል ፕሬስ፣ ማለትም ጥሬውን የመኪና ጎማ በብረት ቅርጽ ማውጫ (ሞልድ) ይዞ በሙቀትና በግፊት የሚያጠነክረው ማሽን፣ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ራሱ ነው። ይዘጋል፣ እንፋሎት ያስገባል፣ ደቂቃውን ይቆጥራል፣ ይከፈታል። ኦፕሬተሩ ጥሬውን ጎማ አስገብቶ ቁልፍ ሲጫን ያየ ሰው፣ ሥራው በሁለት በሦስት ቀን የሚለመድ ይመስለዋል። ለዚህም ነው ብዙ ቦታ አዲስ ሠራተኛ "አብረኸው ቁምና እይ" ተብሎ ከነባር ሠራተኛ አጠገብ የሚቆመው። ትንሽ ቆይቶ ብቻውን ይሆናል። ፈተና ካለም አንድ ጎማ አስገብቶ ያወጣል፣ "አለፈ" ይባላል።

በዚህ አሠራር አልስማማም። ፕሬሱ ደህና ሲሆን ማንም ሊያሠራው ይችላል። ሰው የሚያስፈልገው ነገር ሲበላሽ ነው። ስለዚህ ሥልጠናውም ምዘናውም በአንድ ጥያቄ ዙሪያ መሠራት አለበት። ይህ ሰው መቼ ማቆም እንዳለበት ያውቃል ወይ? ካቆመ በኋላስ ምን ያደርጋል?

ይህን የምጽፈው ለሺፍት መሪዎች፣ ለፎርማኖችና በፋብሪካ ውስጥ የማሠልጠን ኃላፊነት ለተሰጣቸው ሰዎች ነው። እኛ በክፍል የሚሰጠውን ትምህርት የምንሰጠው አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ በተከራየናት ክፍል ነው፤ የእጅ ሥራው ፕሬሱ ያለበት ቦታ ላይ ይሆናል። እናንተ ሁሉንም እዚያው ግቢ ውስጥ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ቅደም ተከተሉ ግን አይቀየር።

1. መጀመሪያ ሥራውን ጻፉት

ከማሽኑ ጋር የመጣውን ወፍራም መጽሐፍ ተርጉሞ መስጠት ሥልጠና አይደለም። መጽሐፉ የተጻፈው ማሽኑን ለሚተክልና ለሚጠግን ሰው ነው። ኦፕሬተሩ የሚያስፈልገው የራሱ ሥራ በራሱ ቋንቋ ተጽፎ ማየት ነው።

ከተለያየ ሺፍት ሁለት ጎበዝ ኦፕሬተሮች ምረጡ። አንድ ጎማ ከጥሬነት እስከ መውጣት ሲያደርሱ ቆማችሁ ጻፉ። ወረቀቱን ሦስት ቦታ ክፈሉት። በመጀመሪያው ምን እንደሚደረግ፣ በሁለተኛው እንዴት እንደሚደረግ፣ በሦስተኛው ደግሞ ለምን እንደሆነ ይጻፍበት። ለምሳሌ ብላደሩን እንውሰድ፤ ጎማው ውስጥ ገብቶ እየተነፋ ጎማውን ወደ ሞልዱ የሚገፋው ከረጢት ነው። "ብላደሩን እይ" የሚለው ምን ነው። "በእጅ ባትሪ ዙሪያውን አብርተህ ስንጥቅ፣ እብጠትና የተጣበቀ ቁራጭ ጎማ ፈልግ" የሚለው እንዴት ነው። "የተሰነጠቀ ብላደር ማብሰል ከተጀመረ በኋላ ቢፈነዳ እንፋሎቱ ወደ ጎማው ይገባል፣ ጎማው ይበላሻል" የሚለው ለምን ነው።

ሁለቱ ኦፕሬተሮች የሚለያዩበት ቦታ ይኖራል። አንዱ ቅባቱን በብሩሽ ይቀባል፣ ሌላው ይረጫል። አንዱ ጥሬው ጎማ ላይ ያለውን ኮድ ያነባል፣ ሌላው "በዓይኔ አውቀዋለሁ" ይላል። እዚህ ላይ ዝም ብላችሁ አንዱን አትምረጡ። የጥራት ክፍሉንና የጥገና ክፍሉን ጠርታችሁ ተነጋገሩና አንድ መንገድ ይወሰን። ይህ ሳይወሰን የተጀመረ ሥልጠና ምዘናው ላይ ያጣላል። ሠልጣኙ "እኔ እንዲህ ነው የተማርኩት" ሲል መዛኙ መልስ አይኖረውም።

"ለምን" የሚለውን አትዝለሉት። ምክንያቱን የማያውቅ ሠራተኛ ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚያስቀረው ምክንያቱ ያልገባውን ነገር ነው።

2. ፕሬስ ከመነካቱ በፊት ጎማውን ያውቁት

መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ። አሮጌ ጎማ እየቆረጡ በረባሶና ገመድ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የተለያየ ጎማ ቁራጭ ግዙ፣ ዋጋው የሚከብድ አይደለም። ቁራጩ ላይ መሬት የሚነካው ክፍል፣ ከሥሩ ያለው የብረት ቀበቶ፣ የክር ንጣፉ፣ ከቸርኬው ጋር የሚጋጠመው የሽቦ ጥቅልና አየር የሚይዘው የውስጥ ሽፋን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሠልጣኙ በጣቱ እየነካ ስማቸውን ይጥራ። ትከሻው (መሬት የሚነካው ክፍልና ጎኑ የሚገናኙበት ቦታ) ላይ ያለውን ውፍረት ከጎኑ ውፍረት ጋር ያስተያይ። ይህ ውፍረት በኋላ ሙቀት ስታስተምሩ ይመጣል።

ከዚያ ሶማሌ ተራ ወይም ጎማ ቁጠባ አካባቢ አንድ ጎሚስታ ጋ ጎራ በሉ። ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ላይ ጥሬ ጎማ አድርጎ በጋለ ብረት ጠፍንጎ የሚለጥፍ ጎሚስታ፣ ፕሬሱ የሚሠራውን ነገር በትንሹ እየሠራ ነው። ሙቀት አለ፣ ግፊት አለ፣ ጊዜ አለ። ሠልጣኙ ቶሎ ቢፈታው ምን እንደሚሆን ጎሚስታውን ይጠይቀው። መልሱን ከኛ የክፍል ትምህርት ይልቅ ያስታውሱታል።

ኬሚስትሪው ብዙ አያስፈልግም። ጥሬ ጎማ ይለጠጣል ግን ወደ ቦታው አይመለስም፣ ሙቀት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ሲበርደው ይደርቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጎማን ከድኝ ጋር ማሞቅ ይህን እንደሚቀይረው አገኘ። ድኙ ረጃጅሞቹን የጎማ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስተሳስራል። አንዴ ከተሳሰሩ በኋላ ወደ ጥሬነት መመለስ የለም። ኦፕሬተሩ ይህችን ነገር በደንብ ይያዛት፦ በስህተት የበሰለ ጎማ አይታረምም።

ሳይበስል የወጣ ጎማ ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ በተለይ ትከሻው ውስጥ፣ ትናንሽ የአየር ቀዳዳዎች ይኖሩታል። ከመጠን በላይ የበሰለ ደግሞ ጥንካሬውን ያጣል፤ የተፈጥሮ ጎማ የበዛበት ከሆነ የተሳሰረው መልሶ መፈታታት ይጀምራል። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ አዲስና የሚያብረቀርቅ ጎማ ናቸው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ሰው ጭኖ የሚሄድ ሚኒባስ ሥር የሚገባው ይሄው ጎማ ነው።

3. ሙቀት፣ ግፊት፣ ጊዜ፣ እና የከተማችን ከፍታ

የቤት መኪና ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበስላል። የከባድ መኪና ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ አንድ ሰዓት የሚጠጋም አለ። የሞልዱ ሙቀት በአብዛኛው ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ብላደሩ ውስጥ ያለው ግፊት 20 ባርና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ትክክለኛው ቁጥር የእያንዳንዱ ጎማ ዓይነት የራሱ ነው፣ ከጥራት ክፍል ይመጣል። ሠልጣኙ ቁጥሩን በቃሉ እንዲይዝ አታድርጉ። ከየት እንደሚነበብና ከምን ጋር እንደሚመሳከር ይወቅ። በቃሉ የያዘ ሰው ቁጥሩ ሲቀየር የድሮውን ይዞ ይቀጥላል።

ለምን የከባድ መኪናው ይቆያል? ጎማ ሙቀትን በዝግታ ነው የሚያሳልፈው። እዚህ ላይ የምናለሽ ተራውን ቁራጭ መልሳችሁ አውጡ። ውጩ ቶሎ ይሞቃል፣ መሃሉ ዘግይቶ ይደርሳል። ከፕሬሱ ከወጣም በኋላ በያዘው ሙቀት ውስጥ ውስጡን መብሰሉን ይቀጥላል። ጊዜው የሚሰላው ይህ ሁሉ ገብቶ ነው።

አሁን ብዙ አሠልጣኝ የሚያልፈው ነገር ላይ እንድረስ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ ቤታችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የእንፋሎት ሙቀት የሚወሰነው በጠቅላላ ግፊቱ ነው። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ግን የሚያሳየን ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ጌጁ 7 ባር ሲል ባሕር ዳርቻ ላይ እንፋሎቱ 170 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው፤ እዚህ ግን 169 ዲግሪ ብንል ነው።

አንድ ዲግሪ ምን ለውጥ አላት? አላት። በሙያው የሚታወቅ ግምት አለ፦ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመብሰል ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዚህ ስሌት አንድ ዲግሪ ከምናምን ማለት ወደ 9 በመቶ የሚጠጋ ፍጥነት ነው። በ12 ደቂቃ ላይ አንድ ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ከውጭ የመጣ የጊዜ ሰንጠረዥን ጌጅ ብቻ እያዩ መከተል የማይሆነው ለዚህ ነው። ስሌቱን መሥራት የኦፕሬተሩ ሥራ አይደለም። የኦፕሬተሩ ሥራ "ጌጁ ደህና ነው" ብሎ አለማለፍ ነው። ቴርሞሜትሩንም ያያል፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ይጠራል።

ሁለቱ የማይስማሙበት ሌላም ምክንያት አለ። መስመሩ ውስጥ አየር ከቀረ ግፊቱ ሙሉ ሆኖ ሙቀቱ ዝቅ ይላል። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ውሃ ሆኖ ብላደሩ ታች ከተጠራቀመም የታችኛው ጎን በደንብ ሳይበስል ይቀራል። የታችኛው ጎን ተደጋግሞ ከተበላሸ፣ ውሃው በደንብ እየወጣ አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ያወቀ ኦፕሬተር ለጥገና ክፍሉ የሚነግረው ነገር አለው። ያላወቀው "ፕሬሱ አስቸገረ" ብቻ ይላል።

4. ደህንነት ለብቻው ይፈተን

ደህንነትን ከሥራው ጋር ቀላቅላችሁ አትፈትኑ። ሠልጣኙ ፕሬስ ማሠራት ከመጀመሩ በፊት ለብቻው ይፈተን፣ ሙሉ ለሙሉ ይለፍ። እዚህ ላይ 80 በመቶ የሚባል ነገር የለም።

በመጀመሪያ የግፊቱን ትርጉም አሳዩት። 60 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ 20 ባር ሲያርፍ ወደ 57 ቶን የሚጠጋ ኃይል ነው፤ ከነተሳቢው ሙሉ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ማለት ነው። ይህ ኃይል ሳይወጣ ፕሬስ መክፈት አይታሰብም። ማሽኑ ግፊት እያለ እንዳይከፈት የሚያግደው መሣሪያ አለው። ያን መሣሪያ ለማታለል ሽቦ ማሰር፣ መሸፈን፣ "ለጊዜው" ማለፍ፣ በእኔ እምነት ከሥራ የሚያግድ ጥፋት ነው። ጥፋቱ የኦፕሬተሩ ብቻ አይደለም። "ምርት አትቁም" እያለ የጮኸበት አለቃም አለበት።

ከዚያ እነዚህን እያንዳንዱ ሠልጣኝ በእጁ ያሳይ፦

- በሺፍቱ መጀመሪያ ሴፍቲ ባሩንና ቀዩን ማቆሚያ ቁልፍ ይፈትሻል። ፕሬሱ እየተዘጋ ባሩን ሲነካው ካልቆመ ያ ፕሬስ ዛሬ አይሠራም።
- በላይኛውና በታችኛው ሞልድ መሃል እጁን ወይም ጭንቅላቱን ከማስገባቱ በፊት ኃይሉን ያጠፋል፣ በራሱ ቁልፍ ይቆልፋል፣ ስሙ ያለበትን ካርድ ይሰቅላል፣ የብረት መደገፊያውን ያስገባል። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ለጓደኛ አይሰጥም።
- እንፋሎት የሚያፏጭ ከሆነ በእጁ አይፈልግም። ከቀዳዳው ሲወጣ በጣም የጋለ እንፋሎት አይታይም። ነጩ ጉም የሚጀምረው ራቅ ብሎ ነው።
- ሙቀት የሚችል ጓንት፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ የብረት አፍንጫ ያለው ጫማ። ቀለበት፣ ሐብል፣ የተንጠለጠለ ነጠላ የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ ማሳወቅና የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ ጓንት ሳይሰጡ "ለምን ጓንት አላደረግክም" ብሎ መቅጣት አይቻልም። ምዘናው ቀን ብቻ አዲስ ጓንት ማደልም ማታለል ነው።

ስለ ሙቀቱም አስቡ። ፕሬሶች መሃል ቆሞ መዋል ላብ ያስጨርሳል። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ብዙ ሠራተኛ ሳይበላ ሳይጠጣ ይቆማል። ስለ ጾማቸው ማንም አይጠይቃቸው፣ ፍቱም አይበላቸው። ነገር ግን ከባዱን ልምምድና ምዘናውን ጠዋት ላይ አድርጉት፣ ነፋሻ ቦታ ላይ አረፍ የሚሉበት ጊዜ ይኑር። ራስ ምታት ወይም ማዞር የተሰማው ሰው ሳያፍር ይናገር። "ደከመኝ" ያለ ሰው ሰነፍ የሚባልበት ቦታ ላይ ሰው ወድቆ ነው የሚታወቀው።

5. ፕሬሱ ላይ ማስተማር

በአንድ አሠልጣኝ ከሁለት ሠልጣኝ አይብለጥ። አምስት ሰው ከቆመ ሦስቱ የሚያዩት የፊተኛውን ጀርባ ነው።

አሠራሩ የታወቀ ነው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካዎች አዲስ ሠራተኛ በፍጥነት ለማሠልጠን ተጠቅመውበታል። ሠልጣኙን አዘጋጁ፣ አሳዩት፣ ያድርግ፣ ተከታተሉት። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ሠልጣኙ ሲያደርግ እየተናገረ ያድርግ። "አሁን ኮዱን እያነበብኩ ነው፤ ምክንያቱም ይሄ ሞልድ የሌላ ቁጥር ጎማ ከገባበት…" እያለ። ዝም ብሎ በትክክል ያደረገ ሰው አስመስሎ ሊሆን ይችላል። እየተናገረ የሠራ ሰው ግን ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው ወዲያው ይታወቃል።

ሥራውን በአራት ቁራጭ ከፍላችሁ አስተምሩ። አንዱ ሳይለመድ ሌላው አይጀመር።

የመጀመሪያው ጥሬ ጎማውን መቀበል ነው። ኮዱ ከሞልዱ ጋር ይመሳከራል። ጎማው ተጨፍልቆ፣ ተጣሞ፣ እርጥበት ወይም ዘይት ነክቶት እንደሆነ ይታያል። እርጥበት ሙቀት ሲያገኝ እንፋሎት ሆኖ ጎማውን ያሳብጠዋል። ዘይትና ቆሻሻ ንጣፎቹ እንዳይያያዙ ያደርጋል። ቅባቱ በወጥነት ተቀብቷል ወይ? ሲበዛ ጎማው ላይ ጉድጓድ ይተዋል፣ ሲያንስ ብላደሩ ይጣበቃል።

ሁለተኛው ብላደሩንና ሞልዱን ማየት ነው። ብላደሩ ስንት ጎማ እንዳበሰለ ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ሲደርስ ባይሰነጠቅም ይቀየራል። ሞልዱ ውስጥ ከበፊቱ ጎማ የቀረ ቁራጭ መኖር የለበትም።

ሦስተኛው ማስገባትና መዝጋት ነው። ብዙ ጊዜ ስጡት። ጎማው መሃል ላይ በትክክል መቀመጥ አለበት። ብላደሩ በትንሽ ግፊት ሲነፋ ጎማውን እኩል ሲይዘው በዓይን ይታያል። ዘንበል ካለ ከመዝጋት በፊት ይቆማል። ከተዘጋ በኋላ ማስተካከል የለም። አዲስ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፣ አጠገቡ ያለው ፕሬስ ቀድሞ ሲዘጋ የተሸነፈ ስለሚመስለው። አሠልጣኙ በዚህ ሰዓት "ፍጠን" ማለት የለበትም። ፍጥነት በራሱ ጊዜ ይመጣል።

አራተኛው ማውጣትና ማየት ነው። ግፊቱ ዜሮ መድረሱ ይነበባል፣ ፕሬሱ ይከፈታል፣ ጎማው ይወጣል፣ በትኩስነቱ ዙሪያው ይታያል። የናይለን ክር ያለው ጎማ እየቀዘቀዘ ስለሚኮማተር ተነፍቶ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ኦፕሬተሩ የመጀመሪያው መርማሪ ነው። አንድ ጉድለት በሁለተኛው ጎማ ላይ ደግሞ ካየ ሦስተኛውን ማስገባት የለበትም።

ሰዓት አጻጻፍን አስተምሩ፣ ቀላል ይመስላል ግን ያሳስታል። የማሽኑ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ (ፓነሉ) 20:00 ይላል፣ ሠራተኛው መዝገቡ ላይ 2:00 ይጽፋል። ሌላው ሺፍት የሌሊቱን 8 ሰዓት እንደ ፓነሉ 2:00 ብሎ ይጽፋል። ጎማ ተበላሽቶ ወደኋላ ሲፈለግ ሁለቱ ይጋጫሉ። አንዱን ምረጡና ፕሬሱ ላይ በትልቁ ለጥፉት። እኔ የፓነሉን እመርጣለሁ፣ ማሽኑ የሚመዘግበው በዚያ ስለሆነ።

6. ምዘናው

መዛኙ ያሠለጠነው ሰው አይሁን። ሁለት መዛኝ ከተገኘ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይሙሉ፣ ከዚያ ያወዳድሩ። የተለያዩበት ነጥብ ካለ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሠልጣኙ ሳይሆን የወረቀቱ ነው፤ ነጥቡ ግልጽ ሆኖ አልተጻፈም።

ውጤቱ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና ላይ እንደለመድነው ይሁን፦ "ብቁ" ወይም "ገና ብቁ ያልሆነ"። 73 ከመቶ ያገኘ የፕሬስ ኦፕሬተር ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያውቅም። የቀረው 27 የትኛው ነው? ግፊት ሳይወጣ መክፈት ከሆነስ?

ምዘናው ሦስት ክፍል ይኑረው።

በቃል። ወረቀት ፈተና አልወድም። እጁ ጎበዝ ሆኖ ጽሑፍ የሚከብደው ሰው ይጎዳል፣ ጽሑፍ የሚችል ደግሞ ሳይገባው ያልፋል። ፕሬሱ አጠገብ ቆማችሁ ጠይቁት። "ጌጁ ደህና ነው፣ ቴርሞሜትሩ ግን ዝቅ ብሏል፤ ምን ሊሆን ይችላል? አንተ ምን ታደርጋለህ?" አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ከሆነ በሚቀለው ቋንቋ ይመልስ፣ አስተርጓሚ ይኑር።

ጎማ ለይቶ ማወቅ። ጥግ ላይ አንድ መደርደሪያ አዘጋጁ። የተጣሉ ጎማዎችን በየጉድለታቸው አስቀምጡ፦ ያበጠ፣ ጎኑ ያልሞላ፣ የብላደር እጥፋት የታተመበት፣ ባዕድ ነገር የገባበት፣ ትከሻው ተቆርጦ ቀዳዳው የሚታይ። ለምዘናው ቀን ከእነዚህ ጋር ደህና ጎማዎችንም ቀላቅሉ። ይህ ወሳኝ ነው። ሁሉንም "ተበላሽቷል" የሚል ሰው የተጠነቀቀ ይመስላል፣ ግን አላወቀም። ደህናውን ደህና ማለትም ችሎታ ነው።

በሥራ ላይ። መጀመሪያ በተለመደው መንገድ ጥቂት ጎማ ያብስል። ይህ የማሟሟቂያው ነው። ከዚያ ነገር አበላሹበት። አስቀድማችሁ ከጥገናና ከጥራት ክፍል ጋር ተነጋግራችሁ፣ አደጋ በሌለው መንገድ። ለምሳሌ፦

ኮዱ ከሞልዱ ጋር የማይሄድ ጥሬ ጎማ ጋሪው ላይ አድርጉለት። ያነባል ወይስ ያስገባል? ሊያስገባ ሲል እናንተ አስቁሙት።

ጎማውን ትንሽ አዘንብላችሁ ስቀሉ። ከመዝጋቱ በፊት ያያል?

በማብሰሉ መሃል "ግፊቱ ወረደ" በሉት፣ ወይም ጥገናው ፓነሉ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲያበራ አድርጉ።

መብራት ጠፋ በሉት። ይህ በኛ ከተማ በሐሳብ ብቻ ያለ ጥያቄ አይደለም፣ የሚደርስ ነገር ነው። ጎማው ውስጥ አለ፣ 7 ደቂቃ በስሏል፣ 5 ቀርቶታል። ብዙ ሰው "መብራት ሲመጣ 5ቱን እጨምራለሁ" ይላል። ስህተት ነው። በመሃል ምን ያህል እንደቀዘቀዘ፣ ምን ያህል እንደበሰለ አያውቅም። ትክክለኛው መልስ ይህን ይመስላል፦ ፕሬሱን በጉልበት አልከፍትም፤ የጠፋበትን ሰዓት እጽፋለሁ፤ ለሺፍት መሪ እናገራለሁ፤ ጎማው ሲወጣ ምልክት ተደርጎበት ለብቻው ይቀመጣል፤ የሚያልፍ የሚወድቅ መሆኑን ጥራት ይወስናል።

በመጨረሻ ደግሞ ሰው ያስጨንቀው። አንድ አለቃ መጥቶ "ቶሎ በል፣ ይሄን ዝለለው፣ እኔ አለሁ" ይበለው። ሠልጣኙ በትሕትና እምቢ ካለ ሥልጠናችሁ ሠርቷል። በባህላችን አለቃን እምቢ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ እንዴት እንደሚባል ቀድማችሁ አስተምሩት። "ጋሼ፣ ግፊቱ አልወጣም፤ እንደወጣ እከፍተዋለሁ" ይበቃል። ፋብሪካው ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው እንደማይቀጣ ከሥራ አስኪያጁ አፍ ይሰማ። አለዚያ ምዘናው ቲያትር ይሆናል።

ከእነዚህ አንዱን ያደረገ ሠልጣኝ ምዘናው እዚያው ይቆማል፦ ግፊት ሳይወጣ ሊከፍት የሞከረ፣ ሳይቆልፍ እጁን ያስገባ፣ የደህንነት መሣሪያን አታልሎ የሠራ፣ የተበላሸ ጎማ ከደህናው ጋር የቀላቀለ፣ መዝገብ ላይ ያላየውን ቁጥር የጻፈ። የመጨረሻዋን አቅልለው የሚያዩ አሉ። እኔ ግን ከሌሎቹ እኩል አስቀምጣታለሁ። ያልተነበበ ቁጥር የተጻፈበት መዝገብ ላይ ማንም ተመልሶ ጥፋት ሊያገኝ አይችልም።

7. ነባር ሠራተኞችን መመዘን

እዚህ ላይ ነው ብዙ ፋብሪካ የሚፈራው። ሃያ ዓመት ፕሬስ ላይ የቆመን ሰው አንድ ወጣት መዛኝ ወረቀት ይዞ ሲመጣበት መናደዱ አይቀርም። ልክ ነው። ግን መዝለልም አይቻልም፣ አዲሱ ሠራተኛ የሚማረው ከእሱ ነውና።

"ልፈትንዎ ነው" አይባልም። "ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ያሳዩኝ፤ እኔ እየጻፍኩ ልጠይቅዎ" ይባላል። እትዬ የሚባሉ እናት ከሆኑም እንዲሁ። ወረቀቱ ያው ነው፣ ነጥቡ ያው ነው፣ አይቀነስላቸውም። ጉድለት ከታየ ሰው ፊት አይነገርም፣ ለብቻ ተቀምጦ ይነገራል። ብዙ ጊዜ እነሱም በወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ያሳያሉ። በድምፁ ብቻ ቫልቭ እንደማይዘጋ የሚያውቁ አሉ። ያን ጻፉትና ወደ ሥልጠናው አስገቡት፣ ከማን እንደተገኘም ተናገሩ።

8. ብቁ ከተባለ በኋላ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜን ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ወስኗል። ዕቅዳችሁን ከዚህ ጋር አስማሙ። የደህንነት ፈተናው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ዋናው ምዘና የሙከራው ጊዜ ከማለቁ በፊት ይሁን፣ ድጋሚ ለመመዘን ቦታ እንዲኖር። ቀኑ ሊያልቅ ሲል የተደረገ ምዘና ለሠራተኛውም ለፋብሪካውም ፍትሕ የለውም።

ብቁ የተባለ ሰው በየትኛው ፕሬስና በየትኛው የጎማ ዓይነት ብቁ እንደሆነ ካርዱ ላይ ይጻፍ። የቤት መኪና ጎማ ላይ ያለፈ ሰው የከባድ መኪናው ላይ አልተመዘነም። አሮጌው ፕሬስ ላይ ያለፈም በፈሳሽ ግፊት በሚሠራው አዲሱ ሃይድሮሊክ ላይ እንደገና ይመዘናል።

የመጀመሪያውን የሌሊት ሺፍት ብቻውን አይሥራ። ሌሊት ጥገናው ሩቅ ነው፣ ዓይን ይከብዳል፣ የሚጠየቅ ሰው ያንሳል። ሺፍት መሪው በዚያ ሌሊት ሳይነግረው ሄዶ አንድ ጎማ ሲያስገባ ይየው፣ ኮዱን ማንበቡን ብቻ።

እንደገና የሚመዘነው መቼ ነው? የጊዜና የሙቀት ሰንጠረዡ ሲቀየር፣ ፕሬሱ ትልቅ ጥገና ሲደረግለት፣ ሰውየው በሕመም ወይም በወሊድ ፈቃድ ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆይ፣ አደጋ ወይም ለጥቂት የተረፈ ነገር ሲከሰት፣ ምንም ካልተፈጠረም በዓመት አንዴ። ሙሉው መደገም የለበትም። የደህንነቱና "ነገር ሲበላሽ" የሚለው ክፍል ይበቃል።

"ገና ብቁ ያልሆነ" ለተባለው ደግሞ የትኛው ቁራጭ ላይ እንደቀረ በግልጽ ንገሩት፣ ወደዚያ ቁራጭ ብቻ መልሱት። ሥራውን ሁሉ ከሀ አታስጀምሩት። ሁለት ሦስት ሠልጣኝ አንድ ቦታ ላይ ከወደቁ ግን ሠልጣኞቹን ትታችሁ ወደ መጀመሪያው ወረቀት ሂዱ። "እንዴት" የሚለው ቦታ ላይ የጎደለ ነገር አለ፣ ከሁለቱ ጎበዝ ኦፕሬተሮች ጋር ቁጭ ብላችሁ አርሙት።